አላይመንት ተሠርቶለትም ወደ ጎን የሚስብ መኪና፦ ችግሩ ከየት ይፈለግ?

የጎማ አላይመንት ተሠርቶለት ከጋራዥ የወጣ መኪና በቀጥተኛ መንገድ ላይ መሪው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መሳቡን ካላቆመ፣ የብዙ ባለንብረቶች የመጀመሪያ እርምጃ ተመልሶ አላይመንቱን እንደገና ማሠራት ነው። ይህ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ወጪ ከማስከተል ያለፈ ውጤት አያመጣም። አላይመንት የሚያስተካክለው ጎማዎች የሚቆሙበትን አንግል ብቻ ሲሆን፣ መኪናን ወደ ጎን የሚስቡ ምክንያቶች ግን ከአየር ግፊት እስከ ፍሬን፣ ከጎማው ከራሱ እስከ ጭነት አቀማመጥ ድረስ የተለያዩ ናቸው።

በተለይ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ቁመት ዝቅ ያለ መኪና በአላይመንት ብቻ አይስተካከልም። አንዳንድ ወጣቶች ለውበት ብለው ሞላውን ያስቆርጣሉ ወይም በአጭር ሞላ ያስተክላሉ። ሌላው መኪና ደግሞ ማንም ሳይነካው በዕድሜና በጭነት ብዛት ሞላው ወይም ባሌስትራው ተኝቶ ዝቅ ይላል። በሁለቱም ሁኔታ ቁመቱ ሲቀየር የጎማዎቹ አንግል አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ቁመቱ ሳይታይ አንግሉን ብቻ ማስተካከል ምክንያቱን ትቶ ውጤቱን ማከም ይሆናል።

ከዚህ በታች የቀረበው የምርመራ ቅደም ተከተል ምንም ወጪ ከማይጠይቀው ተነሥቶ ባለሙያ ወደሚፈልገው ደረጃ የሚያመራ ነው።

ከጭድ ተራ እስከ ዓባይ በረሃ

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ የሚገኘው ጭድ ተራ ስሙን የወሰደው ከአርሶ አደሩ አውድማ ከሚወጣው ጭድ ነው። ጭድ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም የቤት ግድግዳ ይመረግበታል። ጭዱም ሆነ እህሉ ከገጠር ወደ ከተማ የሚደርሰው በመኪና ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራም እዚያው መርካቶ ውስጥ ይገኛል። በመሆኑም መሪው የሚስብበት አሽከርካሪ ጭነቱን እንዳራገፈ፣ ችግሩ ሳይመረመር በሰው ምክር ብቻ ዕቃ ገዝቶ የሚመለስበት አጋጣሚ ሰፊ ነው። የተገዛው ዕቃ የችግሩ ምክንያት ካልሆነ፣ ገንዘቡ ወጥቶ መሪው መሳቡን ይቀጥላል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በመርካቶ መንገዶች ቀስ ብሎ የሚጓዝ መኪና መሪው ትንሽ ቢስብ አሽከርካሪው በእጁ ይዞት ያልፋል። ያው መኪና ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲያቆለቁል ግን፣ በአንድ በኩል የሚይዝ ፍሬን ወይም የላላ የመሪ መገጣጠሚያ ከመንገዱ ሊያስወጣው ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ፍሬንን ያግላል፤ በሜዳ ላይ የተደበቀ ችግርም በዚያ ጊዜ ይገለጣል።

አላይመንት የሚለካቸው ሦስት ነገሮች

በአላይመንት ወረቀት ላይ ሦስት ቃላት ይደጋገማሉ፤ እነርሱም ቶ፣ ካምበር እና ካስተር ናቸው።

ቶ፦ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከላይ ወደ ታች ቢያዩአቸው፣ የፊት ጠርዞቻቸው ከኋላ ጠርዞቻቸው ይልቅ ተቀራርበው ወይም ተራርቀው መቆማቸውን ያሳያል። ቶ ሲበላሽ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ መሪውም ተጣምሞ ይቆማል። ሆኖም ሁለቱ የፊት ጎማዎች በሩጫ ላይ ስሕተቱን እኩል ስለሚካፈሉት፣ የፊት ቶ ብቻውን መኪናን ወደ አንድ ጎን የሚስብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ካምበር፦ መኪናውን ከፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት የጎማው አናት ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ነው። ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዘቲቭ፣ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ኔጋቲቭ ይባላል። ሳንቲም በጠረጴዛ ላይ ሲያንከባልሉት ወዳዘነበለበት አቅጣጫ እየታጠፈ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ያዘነበለ ጎማም ወዳዘነበለበት መሄድ ይፈልጋል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ካዘነበሉ አንዱ የሌላውን ግፊት ያከሽፈዋል። እኩል ካልሆኑ መኪናው ካምበሩ ይበልጥ ወደ ፖዘቲቭ ወዳደላው ጎን ይስባል።

ካስተር፦ ከጎን ሲታይ የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ አናቱ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ አዘንብሎ መሠራቱ መሪው በራሱ ቀጥ እንዲል እንደሚረዳው፣ መኪናም ከታጠፈ በኋላ መሪው ወደ መሃል የሚመለሰው በካስተር ነው። የሁለቱ ጎን ካስተር ከተለያየ መኪናው ካስተሩ ወዳነሰው ጎን ይስባል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለንብረቶች የማያስተውሉት ነጥብ አለ። ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝን በመሳሰሉ አነስተኛ መኪኖች ፊት ላይ በመደበኛነት በቁልፍ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። ካምበርን ለመቀየር ቀጠን ያለ ልዩ ብሎን መተካት ያስፈልጋል፤ ለካስተር ደግሞ የተዘጋጀ ማስተካከያ የለም። ስለዚህ «አላይመንት ተሠርቷል» ሲባል ብዙውን ጊዜ «ቶ ተስተካክሏል» ማለት ነው። መኪናውን የሚስበው የካምበር ወይም የካስተር ልዩነት ከሆነ፣ ቶ አሥር ጊዜ ቢስተካከል መሳቡ አይቀርም።

ነገሩ በጥማድ በሬ እንደማረስ ነው። አንደኛው በሬ ሲለግም ትልሙ ይጣመማል፤ ሞፈሩን ደጋግሞ ማስተካከል ግን የለገመውን በሬ አያስኬደውም።

በቅድሚያ ምልክቱን መለየት

ወደ ምርመራ ከመገባቱ በፊት ቅሬታው ምን እንደሆነ በትክክል መታወቅ አለበት። የሚከተሉት ምልክቶች ይመሳሰላሉ፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው።

መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ግን ተጣምሞ ይቆማል፦ ይህ መሳብ አይደለም። የቶ ማስተካከያው በግራና በቀኝ እኩል አለመከፋፈሉን፣ ወይም የኋላ አክስል ከቦታው መንሸራተቱን ያመለክታል።

መሪው በተወሰነ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል፦ በቅድሚያ የጎማ ባላንስ፣ የቸርኬ መጣመም ወይም የጎማ እብጠት ይፈተሻል።

መሪው የሚስበው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው፦ ምርመራው በፍሬን ይጀመር።

የሚስበው ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ነው፦ በፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ኃይል የሚያስተላልፉት ዘንጎችና የሞተር መቀመጫ ጎማዎች ይታያሉ።

ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲያልፍ ብቻ በድንገት ይስባል፦ ዝቅ በተደረጉ መኪኖች ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ማብራሪያው ከታች ቀርቧል።

ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ቆይቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ቆይቶ ወደ ግራ ይስባል፦ የደረቀ ወይም የሚጣበቅ መገጣጠሚያ እንዳለ ያሳያል።

ዘወትር ወደ አንድ ጎን ብቻ ይስባል፦ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሞከሩ።

ደረጃ 1፦ መንገድ፣ ጭነትና አየር

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በቀኝ በኩል ወደ ማሽከርከር ከተሸጋገረች ወዲህ፣ መኪኖቻችን የሚጓዙት በመንገዱ ቀኝ ግማሽ ነው። አስፋልት የዝናብ ውኃ እንዲፈስበት ከመሃሉ ወደ ዳሩ ዘቅዘቅ ተደርጎ ይሠራል። በመሆኑም ማንኛውም ጤነኛ መኪና በቀኝ በኩል ሲሄድ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዳር ቢያደላ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ለመለየት ሰፊና ሜዳማ በሆነ፣ ከተሽከርካሪና ከእግረኛ ነፃ በሆነ ቦታ በመጠነኛ ፍጥነት በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎም በተቃራኒው አቅጣጫ መንዳት ይበቃል። መሳቡ መንገዱ ወደሚያዘቀዝቅበት የሚለዋወጥ ከሆነ ምክንያቱ መንገዱ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ አንድ ጎን ከሆነ ምክንያቱ መኪናው ነው። በሙከራው ጊዜ መሪውን በቀላሉ መያዝ እንጂ ጨርሶ መልቀቅ አይገባም።

ቀጥሎ ጭነቱ ይታይ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው፤ አሥር ኩንታል እህል ወደ አንድ ጎን አድልቶ ቢጫን በዚያ ባሌስትራ ላይ እስከ 1,000 ኪሎ ግራም የሚደርስ ብልጫ ያርፋል ማለት ነው። ያ ጎን ዝቅ ሲል የጎማዎቹ አቋም ይቀየራል። ጭድ ክብደቱ ቀላል ቢሆንም ከፍ ተደርጎና ከካሶኒው ወጣ ብሎ ስለሚጫን የጎን ነፋስ ይገፋዋል። ስለሆነም መኪናው ባዶውን ሆኖ ካልሳበ፣ መስተካከል የሚገባው አጫጫኑ ነው።

ሦስተኛው የጎማ አየር ነው። አየሩ ያነሰው ጎማ ለመንከባለል ስለሚከብደው መኪናውን ወደ ራሱ ይስበዋል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል የ5 ፒ ኤስ አይ ልዩነት በመሪ ላይ ለመሰማት በቂ ሊሆን ይችላል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ቆሞ ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትክክለኛው መጠን በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ ለመኪናው የታዘዘ አይደለም። ከተሞላ በኋላ በማግስቱ እንደገና የጎደለ ጎማ ካለ ወደ ጎሚስታ ይወሰድ።

ደረጃ 2፦ ጎማዎችን ማቀያየር

አዲስ ጎማም ቢሆን በውስጡ ያሉት ሽቦዎች አቀማመጥ ጥቂት ካዘነበለ፣ ልክ እንደ ሾጣጣ ነገር ወደ አንድ ጎን እየዞረ ለመንከባለል ይሞክራል። ይህ ጉድለት በዓይን አይታይም፤ የአላይመንት መሣሪያም አያገኘውም። አላይመንቱ ፍጹም ሆኖ መኪናው የሚስብበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። የቀኝና የግራ የፊት ጎማዎች ቦታ ይለዋወጡና መኪናው በዚያው መንገድ እንደገና ይነዳ። መሳቡ ወደ ተቃራኒው ጎን ከዞረ ወይም ከጠፋ ችግሩ ጎማው ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ የፊት ጎማዎቹ ነፃ ናቸው፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይታለፍ። በጎኑ ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ቀስት የታተመበት ጎማ ከቀኝ ወደ ግራ አይዛወርም፤ እንዲህ ላለው የፊቱን ከዚያው ጎን ከኋላው ጋር ማቀያየር ይመረጣል።

በአንድ አክስል ላይ የተለያየ ፋብሪካ፣ የተለያየ ቁጥር ወይም የተለያየ የመበላት ደረጃ ያላቸው ጎማዎች መግጠምም ለመሳብ ምክንያት ነው። ሁለት አዲስ ጎማ መግዛት የቻለ ባለንብረት አንዱን ፊት፣ አንዱን ኋላ ከማድረግ ይልቅ ሁለቱንም በአንድ አክስል ላይ ቢያደርግ ይበጀዋል።

ደረጃ 3፦ ፍሬን

ፍሬን ሳይያዝም አንዱ ጎማ ላይ ጥቂት ይዞ የሚቀር ከሆነ መኪናው ወደዚያ ጎን ይስባል። መለያው ሙቀት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ መኪናው በተቻለ መጠን በፍሬን ሳይሆን በራሱ እንዲቆም ይደረግና፣ እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠግቶ ሙቀቱን ማወዳደር ነው። የጋለ ብረት ስለሚያቃጥል መንካት አይገባም። አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ከጋለ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ያ ፍሬን አይለቅም ማለት ነው።

ምክንያቱ የዛገ ካሊፐር፣ የተጣበቀ የፍሬን ሸራ፣ ወይም ከውስጡ ያበጠ የፍሬን ቱቦ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ሲዘጋ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል፤ ሲለቀቅ ግን አይመልስም።

መሳቡ የሚታየው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ መኪናው የሚያዘነብለው አጥብቆ ወደሚይዘው ጎን ነው። ስለዚህ ወደ ግራ የሚስብ መኪና ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ደክሞ በሚይዘው በቀኙ ፍሬን ላይ ይሆናል። ዘይት ወይም ግራሶ የነካው ሸራም እንዲሁ ያደርጋል። የፍሬን ሸራ ሲለወጥ በአክስሉ በሁለቱም በኩል አብሮ መለወጥ አለበት።

ደረጃ 4፦ የላሉና የደረቁ መገጣጠሚያዎች

መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የፊት ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ውዝዋዜ ካለ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ይመርመር። ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ ጠርዙ ተይዞ ይነቅነቅ፤ እዚህ ላይ የሚሰማ ውዝዋዜ ብዙውን ጊዜ የታይሮድ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ሊያሳጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

የላላ መገጣጠሚያ ያለው መኪና አላይመንት ቢሠራለት ልኬቱ የሚቆየው ከመሣሪያው ላይ እስኪወርድ ድረስ ብቻ ነው። ስለሆነም የተበላ ታይሮድ፣ ቦል ጆይንት ወይም ቦኮላ በቅድሚያ ተለውጦ አላይመንቱ በመጨረሻ ይሠራል እንጂ ተገላቢጦሹ አይሆንም።

ዘይት በሚጠቀም የመሪ ኃይል ማገዣ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው፣ መኪናው በድጋፍ ላይ ሆኖ ሞተሩ ሲነሣ መሪው ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ጎን ከዞረ፣ ችግሩ በመሪው ማርሽ ውስጥ ያለው የዘይት ማከፋፈያ ነው። ይህ ፍተሻ በባለሙያ መደረግ አለበት።

ደረጃ 5፦ ዝቅ ያለ መኪና

እስካሁን የተዘረዘሩት ለማንኛውም መኪና ይሠራሉ። ዝቅ ላለ መኪና ግን ከአላይመንት በፊት ቁመቱ መለካት አለበት። መኪናው ባዶውን በደልዳላ ወለል ላይ ይቆማል፤ የጎማዎቹ አየር እኩል ይደረጋል፤ ከዚያም ፊቱና ኋላው ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ ይለቀቃል። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ መከላከያው ጠርዝ ድረስ በሜትር ይለካና አራቱ ቁጥሮች ይመዘገባሉ። በአንድ አክስል ላይ በቀኝና በግራ መካከል ከ1 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ልዩነት ከተገኘ፣ አላይመንት ከማሠራት በፊት ለዚህ መልስ መፈለግ ይገባል።

መኪና ዝቅ ሲል አራት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ በብዙ አነስተኛ መኪኖች የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ማለትም ካምበሩ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። ሁለቱም ጎን እኩል ከወረደ ውጤቱ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ቶሎ መበላት ነው። አንደኛው ጎን ይበልጥ ከወረደ ግን የካምበር ልዩነት ይፈጠርና መኪናው ይስባል። በእጅ የተቆረጡ ሁለት ሞላዎች ደግሞ በትክክል እኩል የመሆናቸው ዕድል አነስተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ታይሮዱ ከነበረበት አግድም አቋም ይወጣል። በዚህ ጊዜ ጎማው በጉድጓድ ወይም በጉብታ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ታይሮዱ ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል፤ አሽከርካሪው መሪውን ሳያዞር ጎማው ይዞራል። በጉብታ ላይ ብቻ የሚከሰተው ድንገተኛ መሳብ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቆሞ በሚለካ አላይመንት ላይ ይህ አይታይም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪኖችም የመሪው ማርሽ በሁለቱም ጫፎቹ እኩል ከፍታ ላይ ካልተቀመጠ ተመሳሳይ ባሕርይ ይታያል።

ሦስተኛ፣ ቦኮላዎች ይጠመዘዛሉ። ሎወር አርም የሚባለው የታችኛው ክንድ የሚታሰርበት ቦኮላ ውስጡ ጎማ ነው፤ ክንዱ ከፍ ዝቅ ሲል ይጠመዘዝና እንደ ሞላ ወደታሰረበት አቋም መመለስ ይፈልጋል። ሥራው ሲሠራ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ እንደተንጠለጠሉ ብሎኖቹ ጠብቀው ከነበረ፣ መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ቦኮላዎቹ እንደተጠመዘዙ ይቀራሉ። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ መኪናው በጎማው ቆሞ ሙሉ ክብደቱ እንዳረፈበት ብሎኖቹ ላልተው እንደገና ይጠብቃሉ። ሞላ ባስለወጠ ወይም ባስቆረጠ መኪና ላይ ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህ መሞከር አለበት።

አራተኛ፣ ሞላው የመጨረሻ ግጭት እንዳይፈጥር የተቀመጠው የጎማ ማቆሚያ በአንድ ጎን ይነካል። ያ ጎን በድንገት ስለሚደርቅ መኪናው በጉብታ ላይ ይወረወራል።

ሞላን መቁረጥ ከመሳብ የከፋም አደጋ አለው። ያጠረ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማስተኛት ደግሞ ብረቱን ጥንካሬውን ያሳጣዋል። ዝቅ ማድረግ ግድ ከሆነ ለመኪናው ዓይነት ተብለው በጥንድ የተሠሩ ሞላዎችን መጠቀም፣ ካምበሩን የሚመልስ ልዩ ብሎን መግጠም፣ ቦኮላዎቹን በመሬት ላይ ማጥበቅ፣ ከዚያም አላይመንት ማሠራት ተገቢው ቅደም ተከተል ነው።

የጭነት መኪናና ሚኒባስ

በብዙ የቶዮታ ሃይስ ሚኒባሶች ፊት ላይ የሞላን ሥራ የሚሠራው ቶርሽን ባር የሚባል፣ ሲጠመዘዝ ክብደት የሚሸከም ረጅም የብረት ዘንግ ነው። በጫፉ ቁመት የሚያስተካክል ብሎን አለው። አንዱ ጎን ጠብቆ ሌላው ከላላ መኪናው ተንሻፎ ይቆማል፤ አንግሎቹም ይለያያሉ። ስለዚህ በሃይስ ላይ ቁመቱ በሁለቱም ጎን እኩል ሳይደረግ አላይመንት መጀመር የለበትም።

እንደ አይሱዙ ኤን ፒ አር ባሉ የጭነት መኪኖች ደግሞ የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ብረት ሆኖ በባሌስትራ ላይ ያርፋል። ካምበሩ በአክስሉ ቅርጽና በኪንግ ፒኑ የሚወሰን ስለሆነ፣ የተበላ ኪንግ ፒን ወይም የተጣመመ አክስል በቁልፍ አይስተካከልም። ኪንግ ፒን ግራሶ ሲያጣ ይደርቃል፤ መሪውም ከታጠፈ በኋላ አይመለስም። ካስተሩ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ይወሰናል። አንዱ ባሌስትራ ቅጠሉ ተሰብሮ ወይም ተኝቶ ከሆነ ካስተሩም ቁመቱም አብሮ ይዛባል።

በኋላ በኩል የባሌስትራው የመሃል ብሎን ከተቆረጠ ወይም ዩ ቦልቶቹ ከላሉ አክስሉ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይንሸራተታል። መለያው ሁለት ነው። መኪናው ከኋላው ሆኖ ለሚከተለው ሰው አግድም የሚሄድ ይመስላል፤ መሪውም ቀጥ ባለ መንገድ ተጣምሞ ይያዛል። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት በሁለቱም ጎን በሜትር ይለካ፤ ልዩነት ከታየ የፊቱን መነካካት ትቶ የኋላውን አክስል ማስመርመር ይገባል። ፒክአፕ መኪኖችም ኋላቸው በባሌስትራ የተሠራ ስለሆነ ይህ ፍተሻ ለእነርሱም ያገለግላል።

የአላይመንት ወረቀትን ማንበብ

በኮምፒውተር የሚሠራ አላይመንት ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት አትሞ መስጠት ይችላል። ባለንብረቱ ይህን ወረቀት መጠየቅና ማስቀመጥ አለበት። ሲነበብ ዋናው ነገር እያንዳንዱ ቁጥር ብቻውን ሳይሆን የግራና የቀኝ ልዩነት ነው።

ለምሳሌ የግራ ካምበር ኔጋቲቭ 1.5 ዲግሪ፣ የቀኙ ኔጋቲቭ 0.5 ዲግሪ ቢሆን፣ ልዩነቱ 1 ዲግሪ ነው። ቀኙ ወደ ፖዘቲቭ የቀረበ ስለሆነ መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል። የግራ ካስተር 5 ዲግሪ፣ የቀኙ 4 ዲግሪ ቢሆንም እንዲሁ መኪናው ካስተሩ ወዳነሰው ወደ ቀኝ ያደላል። በሙያው እንደ መነሻ የሚያዘው ከ0.5 ዲግሪ በላይ የሆነ የጎን ለጎን ልዩነት ሊስብ እንደሚችል ነው። ለእያንዳንዱ መኪና የተፈቀደው መጠን ግን በአምራቹ የተወሰነ ነው። ወረቀቱ ላይ የካምበርና የካስተር ልዩነት እየታየ ቶ ብቻ «ተስተካክሏል» ተብሎ ከተሰጠ፣ መሳቡ ለምን እንዳልጠፋ መልሱ እዚያው ተጽፏል።

ወደ ጋራዥ ሲኬድ የሚጠየቁ

መኪናውን ከማስረከብ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ክርክርን ያስቀራል። አላይመንቱ ከመጀመሩ በፊት የጎማ አየርና መገጣጠሚያዎች ይፈተሻሉ? የኋላ ጎማዎችም አብረው ይለካሉ? የመኪናው ቁመት ይታያል? የልኬቱ ወረቀት ይሰጣል? ሥራው ሲያልቅ ባለሙያው ከባለንብረቱ ጋር ነድቶ ይሞክረዋል?

የአካላትን ስም በትክክል መጥራትም ይጠቅማል። እንደ መርካቶ ስም ሁሉ ብዙዎቹ የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሞላ የተጠመዘዘውን ሽቦ መሳይ ብረት፣ ባሌስትራ ተደራርቦ የሚታሰረውን ቅጠል ብረት፣ ቦኮላ በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባውን፣ ኩሽኔታ ጎማው የሚሽከረከርበትን፣ ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበትን ብረት ያመለክታሉ። ቦኮላ የሚያስፈልገው ሰው ኩሽኔታ ገዝቶ እንዳይመለስ፣ የተበላውን ዕቃ አስፈትቶ ይዞ ወደ መለዋወጫ ገበያ መሄድ ይመረጣል።

መኪናው ወዲያውኑ መቆም ያለበት መቼ ነው?

መሳቡ በጉዞ ላይ በድንገት ከጀመረ፣ ከጎማ አካባቢ የመቃጠል ሽታ ከወጣ፣ በጎማው ጎን ላይ እብጠት ከታየ፣ የጎማ ዳዶ ከላላ ወይም መሪው ሲነቀነቅ የመንኳኳት ድምፅ ከተሰማ፣ መኪናው በአስተማማኝ ቦታ ቆሞ ሳይመረመር ጉዞ መቀጠል የለበትም። በተለይ ጭነት ወይም ተሳፋሪ ይዞ ወደ ረጅም ቁልቁለት መግባት አይገባም።

መሳቡ ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ግን ጊዜ አለ። መንገድ፣ ጭነትና አየር በአንድ ጠዋት ይታያሉ፤ ጎማ ማቀያየር የአንድ ጎሚስታ ሥራ ነው፤ የቸርኬ ሙቀት በእጅ፣ ቁመት በሜትር ይታወቃል። እነዚህ ታይተው ውጤታቸው በወረቀት ላይ ሰፍሮ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለንብረት፣ መካኒኩ ከግምት ሳይሆን ከታወቀ ነገር እንዲጀምር ያደርገዋል። አላይመንቱም በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል።